የጋሽ ወርቁ ቢጫ መስመር

ሳሚ እሁድ ጠዋት ደውሎ «ጋሽ ወርቁን ትንሽ አሟቸዋል፤ ቤታቸው ብቅ በል» ሲለኝ ወዲያው ጠረጠርኩ። እኛ ዘንድ ሰው በስልክ አይሞትም። በስልክ ትንሽ ያመዋል፤ መሞቱን የምታውቀው ቤቱ ስትደርስ ነው።

«ሞተዋል አይደል?» አልኩት።

ሲናፈጥ ሰማሁት።

«ማን ነገረህ? በደንብ አጣርተሃል?»

«እንዴ ደረጀ! በሞትም ትጠራጠራለህ?» ብሎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። እውነቱን ለመናገር ግን እያለቀስኩም ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም ነበር።

መጠራጠር ያስተማሩኝ ጋሽ ወርቁ ናቸው ብል ውሸት ይሆንብኛል። ቶሮንቶ የመጣሁት ከነጥርጣሬዬ ነው። መሳለሚያ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የሠራ ሰው ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ጠዋት የተሰረቀብህን ስፖኪዮ ከሰዓት ሶማሌ ተራ ሄደህ መልሰህ ትገዛለህ። ደንበኛው መኪናውን ሲያመጣ ዱካ ስቦ አጠገባችን ይቀመጣል፤ ሽንት ቤት እንኳ የሚሄደው ዘመዱን ተክቶ ነው። ዕቃ ይለውጡብኛል ብሎ እኛን ይጠረጥራል፣ እኛም እሱን እንጠረጥራለን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብለን ያደግን ሰዎች ነን። እንደ ጋሽ ወርቁ ያለ ተጠራጣሪ ግን እዚያም አልገጠመኝም።

ያገኘኋቸው ቶሮንቶ ውስጥ ሬክስዴል የሚባል ሰፈር፣ የሳሚ ጋራዥ ውስጥ ነው። ሳሚ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ያንሳል፤ የአገራችንን ታክሲ ነጂዎች በሙሉ የሚያውቅ ቀልጣፋ ልጅ ነው። ጋራዡ ሦስት መኪና ማንሻ ነበረው፤ ሦስተኛው የጋሽ ወርቁ ብቻ ነበር። ከፍሬን ሌላ አይነኩም። ቀጭን ረጅም ናቸው፤ ቱታቸው በካውያ የተተኮሰ ነው። አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር አንዲት ትንሽ ቁልፍ ታንጠለጥላለች። ያቺን ቁልፍ ገና በመጀመሪያው ቀን አየኋት፤ የዚያኑ ቀንም ጠረጠርኳት።

እዚህ አገር በልምድ ብቻ መካኒክ ነኝ ማለት አይቻልም። ፈቃድ ካለው ሰው ሥር ትሠራለህ፣ እሱ ሰዓትህን ይፈርምልሃል፣ ሰዓቱ ሲሞላ ፈተና ትቀመጣለህ። የእኔን ሰዓት የሚፈርሙት ጋሽ ወርቁ ነበሩ። ሚስቴን ለማምጣት ቋሚ ሥራ ያስፈልገኝ ስለነበር ኑሮዬ በሙሉ በእሳቸው እስክሪብቶ ጫፍ ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያዩት መኪናውን አይደለም፤ ጫማውን ነው። «እስቲ እግርህን አንሳ» ይሉና የሶሉን አበላል ያያሉ። «አንተ ፍሬን ላይ እግርህን አስቀምጠህ ነው የምትነዳው» ይሉታል። ሰውየው ይምላል። እሳቸው ግን ደንበኛ ሲምል አይሰሙም። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብተው ፔዳሉን ሦስት ጊዜ ይረግጡታል፤ አንዴ በቀስታ፣ አንዴ በኃይል፣ አንዴ ደግሞ ረግጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ። ፔዳሉ ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠ «ይሄ ይዋሻል» ይላሉ።

አንድ ቀን አንድ ታክሲ ነጂ «ጋሽ ወርቁ፣ የፍሬኑ ሸራ ገና ነው። በጎማው ቸርኬ ቀዳዳ ቼክ አድርጌዋለሁ» አላቸው።

«የውጪውን ነው ያየኸው። የውስጡን አየህ?»

«ያው አንድ አይደል እንዴ?»

ጎማውን ፈቱት። በውጪ በኩል ያለው ሸራ ጣት የሚያህል ውፍረት አለው። በውስጥ በኩል ያለው ተበልቶ አልቆ ብረት በብረት ሆኗል። ክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበትኑት ጨው ካሊፐሩን፣ ማለት ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠውን ብረት፣ ያደርቀዋል፤ አንዱ ሸራ ሳይነካ ሌላው ብቻውን ያልቃል። ሰውየው ያንን ሲያይ ፊቱ ገረጣ። ጋሽ ወርቁ ደስ አላቸው፤ ሰው ደንግጦ ሲያዩ የሚደሰቱት ነገር ነበራቸው። «ጠርጥር፤ በገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር» አሉት።

ሌላው ነገራቸው መስመሩ ነው። ካሊፐሩን የያዙትን ሁለት ቡሎኖች አጥብቀው ሲጨርሱ ከቡሎኑ ራስ እስከ ካሊፐሩ ድረስ በቀለም ብዕር አንዲት ቀጭን መስመር ያሰምራሉ። ቡሎኑ ከላላ ወይም ሰው ከነካው መስመሯ ለሁለት ትሰበራለች። የእሳቸው ቀለም ቢጫ ነው። ለእኔ ነጭ ሰጡኝ። እኔ አጥብቄ በነጭ ሳሰምር እሳቸው ይመጡና ይፈቱታል፣ ያዩታል፣ እንደገና ያጠብቁታል፣ በተሰበረው ነጭ መስመሬ አጠገብ ቢጫውን ያሰምራሉ። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ! ደሜ ይፈላ ነበር። ግን ስድስተኛው ወር ላይ ከአራት ጎማ ሁለቱን ብቻ መክፈት ጀመሩ፤ ሁለቱን እንደነበሩ ይተዋሉ። በልቤ የምቆጥረው ያልተከፈቱትን ነበር።

ቁልፏ የምትከፍተው ግድግዳው ሥር የቆመ የብረት ቁም ሣጥን ነው። ደንበኛው የማይፈልገውን አሮጌ ሸራ በፌስታል ያደርጉና ላዩ ላይ የሆነ ነገር ጽፈው እዚያ ይቆልፉበታል። ሌላው መካኒክ የሚጥለውን ቆሻሻ እሳቸው ለምን ይቆልፉበታል? አንድ ጊዜ አሮጌ ሸራ ይዘው በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትጉት ደረስኩ፤ ሲያዩኝ ኪሳቸው ከተቱት። በቃ፣ አልኩ። እያደሱ ሰው መኪና ላይ መልሰው ይገጥሙታል። መሳለሚያ ይህን ያደረጉ ሰዎች አውቃለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለክፉ ቀን ያዝኩት።

ክፉው ቀን ጥር ውስጥ መጣ። ዓርብ ነበር፤ ጋሽ ወርቁ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራቸው፣ ሳሚም ዕቃ ሊያመጣ ወጥቷል። ሂሩት የምትባል ደንበኛችን መጣች፤ አቅመ ደካማ ሽማግሌዎችን በየቤታቸው እየሄደች የምትንከባከብ ልጅ ናት። የፍሬን ዘይቷ በኋላ ግራ ጎማ በኩል ይፈሳል። አነሳሁትና አየሁት፤ ዘይቱን የሚያደርሰው ቀጭን የብረት ቧንቧ በጨው ዝጎ ተበስቷል። ዕቃው ሰኞ ነው የሚመጣው አልኳት።

«ደሬ፣ በናትህ! ቅዳሜና እሁድ ሺፍት አለኝ። ካንሰል ካደረግኩ ሰዎቹ አልጋ ላይ ነው የሚውሉት። የሚያነሳቸው የለም።»

አሳዘነችኝ። ደግሞም እችላለሁ ማለት አማረኝ። አዲስ አበባ ዕቃ ሲጠፋ ሁላችንም የምናደርጋትን አደረግኩ። ቧንቧውን ቆረጥኩ፣ ጫፉን ሁለቴ አጠፍኩ፣ በመዶሻ ደፈጠጥኩት። አንዱ ጎማ ያለ ፍሬን ቀረ፤ ሦስቱ ይሠራሉ። ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ።

«እስከ ሰኞ በቀስታ ንጂ» አልኳት። «ደግሞ ለጋሽ ወርቁ እንዳትነግሪ።»

መሳለሚያ በሠላሳ እየተነዳ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ሦስት ጎማ ያቆማል። እዚህ ሀይዌይ አለ፣ በረዶ አለ። በረዶ ላይ ከኋላ በአንድ ጎን ብቻ የሚይዝ መኪና ፍሬን ሲረገጥ ዞሮ ከኋላው ከሚመጣው ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል። ይህን አላውቅም ነበር ልል ፈልጌ ነበር። አውቅ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ወርቁ እንደ ልማዳቸው ከሥራ በፊት የቆሻሻ በርሜሉን ፈተሹ። «ቆሻሻ ምስክር ነው» የሚሉት ነገር ነበራቸው። የቆረጥኳትን ጣት የምታህል ቧንቧ ይዘው መጡ።

«ይቺ የማን ናት?»

«አላውቅም» አልኩ።

አገላብጠው አዩዋት። ከዚያ እኔን አዩኝ። በፌስታል አድርገው ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ቆለፉባት። ቀትር ላይ «ጉዳይ አለኝ» ብለው የእጅ ክሪክ መኪናቸው ላይ ጭነው ወጡ። በስድስት ወር ውስጥ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሲወጡ አይቼ አላውቅም።

ሳሚ ጋ ሄዱ፣ ሊያስባርሩኝ ነው ብዬ ነገሩን ደመደምኩት። ሰዓቴ፣ ፈተናው፣ ሚስቴ፣ ሁሉም ሲፈርስ ታየኝ። ለክፉ ቀን የያዝኳትን አወጣሁ። ለሳሚ ኮል አደረግኩና ነገርኩት፤ ጋሽ ወርቁ አሮጌ ሸራ እያደሱ ደንበኛ መኪና ላይ ይገጥማሉ፣ ቁም ሣጥኑን አስከፍተህ እይ አልኩት። «በዓይንህ አይተሃል?» አለኝ። «በዓይኔ አይቻለሁ» አልኩት። ያየሁት ሲፈትጉ ነበር፤ ሲገጥሙ አላየሁም።

እሁድ በረዶ ጣለ። ሂሩት ጋ ደወልኩ፤ አታነሳም። አሥር ጊዜ ደወልኩ። ዜና ከፍቼ የመኪና አደጋ ስፈልግ ዋልኩ።

ሰኞ ጠዋት ሳሚ ቁም ሣጥኑ ፊት ለፊት ቆሞ ጠበቃቸው። እኔ ሁለተኛው ማንሻ ሥር ሆኜ ጎማ የምፈታ መሰልኩ።

«ጋሽ ወርቁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ይህን ሊከፍቱልኝ ይችላሉ?»

«ለምን?»

«አሮጌ ሸራ ተመልሶ ሰው መኪና ላይ ይገባል የሚባል ወሬ ሰምቼ ነው።»

ጋሽ ወርቁ ሳሚን አላዩትም። እኔን አዩኝ። ቁልፏን በራሳቸው ላይ ለማውጣት ሲሞክሩ ክሩ ኮፍያቸው ላይ ተያዘ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ፊታችን ጎንበስ ብለው አወጧት። ያፈርኩት ገና ያኔ ነው፣ ቁም ሣጥኑ ከመከፈቱ በፊት።

ፌስታሎቹ በወር በወር ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ላይ የሰሌዳ ቁጥር፣ የየጎማው ሸራ ውፍረት፣ የሠራው ሰው ስም ተጽፏል። አንዳንዱ ሸራ ጎኑ ተፈትጓል፤ ዝገቱ ተነስቶ እንዲለካ፣ እንዴት እንደተበላም እንዲታይ ነው። ሳሚ አንዱን አንስቶ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ወርቁ። የፊት ቀኝ ቡሎን በደንብ ሳይጠብቅ ወጣ። ዳንፎርዝ ድረስ ሄጄ አጠበቅኩ።» ሌላም አነሳ፤ እሱም በገዛ ራሳቸው ላይ የተጻፈ ነው። ከማንም በላይ የጠረጠሩት ራሳቸውን ነበር።

«ሰው ሲጠይቀኝ የማሳየው እንጂ የምምለው የለኝም» አሉ። ከዚያ ከላይኛው መደርደሪያ አንዲት ትንሽ ፌስታል አንስተው ለእኔ ሰጡኝ። «ይቺን አንተ አንብባት።»

በሂሩት ሰሌዳ ቁጥር ይጀምራል። ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ «የኋላ ግራ ቧንቧ። ታጥፎ ተዘግቶ ተገኘ። ቅዳሜ ተቀየረ። የዘጋው ደረጀ።»

«ሂሩትስ?» አልኩ።

«ደህና ናት። የዓርቡን የደንበኛ መዝገብ አይቼ ደወልኩላት፤ ቅዳሜ ኖርዝ ዮርክ ሥራዋ ቦታ ሄጄ፣ ሕንፃው ሥር ፓርኪንግ ውስጥ ቀየርኩላት። የመግቢያውን ቁልቁለት አይተኸዋል? እኔ አየሁት።»

«ስደውልላት አላነሳችም…»

«እንዳታነሺለት ያልኳት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ተኩል ጨንቆት ይደር ብዬ ነው።»

ሳሚ ፊቱ ደም መሰለ። «ደረጀ፣ ዕቃህን ሰብስብ» አለኝ።

«የትም አይሄድም» አሉ ጋሽ ወርቁ። «ሌላ ጋራዥ ገብቶ ማንን ሊገድል ነው? እዚሁ ዓይኔ ሥር ይሁን።»

ይቅርታ ይመስላችኋል? አልነበረም። የዚያን ወር ሰዓቴን ሲፈርሙ ያቺን ዓርብ ዘለሏት። «የሠራኸውን እፈርማለሁ፤ ያቺን ቀን ግን አልሠራህም» አሉኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ስጠይቃቸው አላስነሱኝም፣ አልገፈተሩኝምም፤ መነጽራቸውን ጠረጉ። ጥቂት ቆይቶ፣ እጃችንን ስንታጠብ፣ «አዲስ አበባ እያለሁ እኔም ዘግቻለሁ» አሉኝ።

«ምን ሆነ ታዲያ?»

«ምንም አልሆነም። የሚያስፈራውም እሱ ነው። ምንም ስላልሆነ ደጋግሜ ዘጋሁ።»

ከዚያ ቀን በኋላ አራቱንም ጎማ ይከፍቱ ጀመር። ፈተናዬን አለፍኩ፣ ፈቃዴን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ፣ ሚስቴ መጣች፣ ልጅ ወለድን። ነጭ መስመሬ ግን በእያንዳንዱ ቡሎን ላይ እየተሰበረ አጠገቡ ቢጫ ይሰመርበታል። ሳሚ «አንተ ታጠብቃለህ፣ እሳቸው ያጸድቃሉ» እያለ ይቀልድብኛል። ሂሩት ደግሞ መኪናዋን ስታመጣ «ደሬ፣ አንተ ሰላም በለኝ እንጂ መኪናዋን አትንካት» ትለኛለች። እስቃለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን ያንገበግበኛል። ስድስት ዓመት። አንድ ቀን እንኳ አንዷን ጎማ ሳይከፍቱ ቢያልፏት ብዬ እጠብቅ ነበር። አላለፏትም።

ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ሥራ ተዉ። በወጡ በዓመቱ፣ ቅጠል ሲረግፍ፣ የራሳቸውን መኪና ይዘው መጡ። ሳሚ እሠራለሁ ቢላቸው «ደረጀ የለም እንዴ?» አሉ።

የጋሽ ወርቁን መኪና እንድሠራ! ጠረጠርኩ። ፈተና ነው፣ የሆነ ነገር አላልተው አምጥተውልኝ ይሆናል ብዬ እያንዳንዷን ቡሎን ሁለት ጊዜ አየሁ። ደንበኛ እንዳያልፍ መሬቱ ላይ የተሰመረ ቀይ መስመር አለን፤ የአገራችን ሰዎች የጫማቸውን ጫፍ እዚያ ላይ አድርገው አንገታቸውን እያሰገጉ ነው የሚያዩን። ጋሽ ወርቁ ወደ መስመሩ እንኳ አልቀረቡም። መቆያ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብለው ሻይ ጠጡ። ሸራውን ቀየርኩ፣ አጠበቅኩ፣ በነጭ አሰመርኩ። ቢጫው ብዕር ገና መሳቢያቸው ውስጥ ነበርና ይመጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልመጡም፤ መኪናውን ካወረድኩት በኋላ ብቻ ገብተው ፔዳሉን ሦስት ጊዜ ረገጡ።

«የውስጡን አየህ?»

«አይቻለሁ።»

«እሺ» ብለው ሄዱ።

አላመንኳቸውም። ቤታቸው ክሪክ እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ማታውኑ ከፍተው እንደሚያዩት እርግጠኛ ነበርኩ። ክረምቱን በሙሉ ስልክ ስጠብቅ ከረምኩ። ስልክ የመጣው ከሳሚ ነው፣ ያን እሁድ።

ለቅሶ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። እንደ ደንቡ አለቀስኩ፣ ተቀመጥኩ። ነገር ግን በመስኮቱ በኩል መኪናቸው በር ላይ ቆማ ትታየኛለች፤ ልቤ እሷ ላይ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሬሳቸው ገና ሳይቀበር የማስበው ሌላ አልነበረም። አልቻልኩም። ወጣሁ፣ ጥቁር ሱፌን እንደለበስኩ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በጀርባዬ ተኛሁ፣ የስልኬን መብራት አበራሁ።

ቡሎኑን የክረምቱ ጨው ሸፍኖታል። በመሐረቤ ጠረግኩት። ነጩ መስመር ወጣ፤ ቀጥ ያለ፣ ያልተሰበረ። ሁለተኛውን ጠረግኩ። ዞሬ የቀሩትን ሦስት ጎማዎች አየሁ። ስምንቱም ቡሎን ላይ ነጭ ብቻ ነው። ቢጫ የለም።

በር ተከፈተ። ልጃቸው ሊያ ናት፤ እዚሁ የተወለደችው።

«ደረጀ? አር ዩ ኦኬይ? የዳዲ መኪና ሥር ምን ታደርጋለህ?»

ልነሳ አልቻልኩም። እዚያው እንደተኛሁ እንባዬ ወደ ጆሮዬ ይወርድ ጀመር።

«ብሬኩ ችግር አለው እንዴ?» አለች ጎንበስ ብላ። «እሱኮ ሁልጊዜ ኤቭሪቲንግ ራሱ ነው ቼክ የሚያደርገው።»

«ይሄን አላደረጉትም» አልኳት።